የዘቀዘቅኩት ነጠላ

በደርግ ጊዜ ነው። ወንድሜ የውትድርና አፈሳ ሸሽቶ ደብረ ማርቆስ አክስታችን ጋ ተደብቋል። ልጠይቀው ስነሳ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ከለከለኝ። የቀራንዮ ጎረቤታችን እማማ ተዋበች ደግሞ ያልዞሩበት አገር የለም።

“ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ ልበሺና ኬላው ላይ አልቅሺ። ሐዘንተኛን ማንም አያስቸግርም” አሉኝ።

“እማማ፣ ሟርት አይሆንብኝም?”

“እኔ ስንቴ በቁሙ ያለ ባሌን አልቅሼ አልፌያለሁ! ሂጂ!”

ኬላው ላይ እንባ እምቢ አለኝ። ወታደሩ “ማን ሞቶብሽ ነው?” ሲለኝ ጭኔን ቆንጥጬ “ወንድሜ!” ብዬ ጮህኩ።

“እግዜር ያጥናሽ” ብሎ አሳለፈኝ።

ሳቄን አፍኜ ደረስኩ። ከደስታዬ ብዛት ነጠላዬን ማስተካከል ረስቼ በሩን አንኳኳሁ።

አክስቴ ገና ሲያዩኝ ደረታቸውን ደቁ፤ “ልጄ፣ ማን አረዳሽ? እኛ እኮ ነገ ልንመጣ ነበር!”