የጌጤ ፊርማ

ሰው ልጁን ገደል እንዳይገባበት ይጠብቃል፤ የጌጤ ልጅ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ገደል ፍለጋ ነው የምትሄደው። ጌጤ ናይሮቢ ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት ከፍታ እሳት ፊት የምትለበለበው ልጇን ምርቃትን ደህና ትምህርት ቤት ላስተምር ብላ ነበር። ምን ተማረች? ገመድ ታጥቃ ድንጋይ ላይ መንጠልጠል!

ገደሉ ያለው ከናይሮቢ ወጣ ብሎ፣ ሙዜ ሙቱዋ የሚባሉ ሽማግሌ እርሻ ውስጥ ነው፤ እዚያ ሻምባ ይሉታል። ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ነው። በዚሁ ዓመት፣ በፈረንጆች 2008፣ አንድ ወጣት ወድቆ እግሩ ሲሰበር ሽማግሌው ሕግ አወጡ፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ወላጁ መጥቶ ካልፈረመለት አጥሩን አያልፍም።

ጌጤም ምግብ ቤቷን ዘግታ እያጉረመረመች ሄደች። በሩ ላይ ሙዜ ወረቀት ሰጧት። እንግሊዝኛ ስለማታነብ ለልጇ አቀበለቻት።

«ብትወድቅ፣ ብትሞት ባለ ሻምባው አይጠየቁም ነው የሚለው። ፎርም እኮ ነው ማሚ፣ ጀስት ሳይን!»

«አንቺ ሟርተኛ! በገዛ እጄ ሞትሽን ልፈርም?»

ምርቃት ኤሊያን ካርዷን፣ የውጭ ዜጋ መታወቂያዋን፣ አውጥታ ለሽማግሌው ዘረጋች። ካርዱ ላይ የልደት ዘመኗ 1983 ይላል። ኬንያ ሲገቡ ቅጹን የሞላችው ራሷ ጌጤ ናት፤ ባገሯ አቆጣጠር ጽፋ ልጇን ባንድ ቀን በስምንት ዓመት አስረጀቻት። ከዚያ ወዲህ «ይታረምልኝ» እያለች ያልቆመችበት መስኮት የለም። አሁን ደግሞ ይኸው ስህተቷ መልሶ ሊያላግጥባት!

«ሃያ አምስት ዓመቷ ነው? እንዲያ ከሆነ ራሷ ትፈርም» አሉ ሙዜ በስዋሂሊ፣ ጌጤን እያዩ።

«አዎ» ብትል ተገላገለች። ሟርቱንም አትፈርም፣ ልጅቷም ትወጣለች። ምርቃት በዓይኗ ትለማመጣለች። ጌጤ ግን ነደዳት። ይህች ልጅ አንድ ነገር ብትሆን ማን ሊጠራላት ነው? እናት እንደሌላት ብቻዋን ልትፈርም?

«ውሸት ነው!» አለች። «አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ምርቃት እንባዋ መጣ። «በቃ እንሂድ» ብላ ገመዷን አነሳች።

«ወዴት ነው የምትሄጂው? እስክሪብቶ አምጪ!»

ጌጤ አማተበች። ስሟን እስከ አያቷ ጻፈች፤ ማንም ሳይጠይቃት ስልክ ቁጥሯንም ጨመረችበት። ወረቀቱን ለሽማግሌው ሰጥታ ወደ ልጇ ዞረች።

«ስሚ! ወድቀሽ እንደሆነ፣ እኔው ነኝ የምገልሽ!»