እጄን ያነሣሁበት ግማሽ ሰዓት

በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ የስድስት ዓመት ልጄ ከማንጎ ዛፍ ወደቀች። ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ «አንገቷ ላይ ስንጥቅ የሚመስል ነገር አለ። አዲስ አበባ ያለው የአጥንት ሐኪም ሳያየው አላንቀሳቅሳትም» አለኝ። ስንጥቅ ከሆነ የምትወሰድበት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ከሰዓት በኋላ ይነሣል። ራጁ ግን አልሄድ አለ፤ ኢንተርኔት የለም።

የሆስፒታሉ የኢንተርኔት መስመር የሚያልፈው እኔ በምሠራበት ቢሮ በኩል ነው፤ የምቆጣጠረውም እኔ ነኝ። ልጄን ለአባቷ ትቼ በባጃጅ ሄድኩ።

ዋናውን መስመር ጎርፍ ቆርጦታል። መጠባበቂያው መስመር ሥራ ጀምሯል። ሆኖም መንገዱ መለወጡን ሌሎቹ ኔትወርኮች እርስ በርስ ተነጋግረው እስኪቀበሉ ድረስ፣ ወደ እኛ የሚላከው ሁሉ ወደ ተቆረጠው መስመር እየሄደ ይጠፋል። ደቂቃዎች ይፈጃል። ስንቱን ሰው «ትንሽ ታገሡ» ብያለሁ! ያን ዕለት እኔ አልታገሥኩም። መስመሩን የሚያገናኘውን መሣሪያ አጥፍቼ አበራሁት። ትንሽ ጠብቄ ደገምኩ። አምስት ጊዜ ሳላደርገው አልቀርም። ልጄ ጣቶቿን ማንቀሳቀስ ሲያቅታት ይታየኝ ነበር።

ስልኬ ጮኸ። አዲስ አበባ ያለው፣ ከእኛ ጋር የሚገናኘው ኔትወርክ ባለሙያ ነው፤ የምንተዋወቀው በድምፅ ብቻ ነው።

«እህቴ፣ ዛሬ ምን ሆነሻል? አለሁ ትያለሽ፣ የለሁም ትያለሽ! ድብብቆሽ ነው እንዴ?»

«ልጄ ሆስፒታል ናት፣ ወንድሜ።»

ቀልዱን ተወ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «መስመርሽ በጠፋና በመጣ ቁጥር መሣሪያዎቹ እምነት ያጡበታል። አሁን ጭራሽ አንቀበልም ብለዋል» አለኝ።

«አንተ ልትከፍተው አትችልም?»

«የእኛን ከፈትኩልሽ። ከእኛ ወዲያ ያሉት ግን በራሳቸው ጊዜ ነው የሚለቁት። ግማሽ ሰዓት ስጪው። በእመቤቴ፣ እጅሽን ከመሣሪያው ላይ አንሺ።»

መንገዱን የዘጋሁባት እኔው ነኝ ማለት ነው። እጆቼን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጸሎት ጀመርኩ፤ «ሰላም ለኪ» ከሚለው ማለፍ አቃተኝ። እሱኑ ደጋገምኩት።

ሐኪሙ ሲደውል እዚያው እንደተቀመጥኩ አነሣሁት። «ራጁ ሄዷል» አለኝ። ከዚያ በኋላ የአጥንት ሐኪሙን መልስ መጠበቁ ይብስ ነበር። እንደገና ደወለ።

«ስንጥቅ አይደለም። አጥንቱ ገና እያደገ ስለሆነ ነው፤ በልጆች ላይ እንዲህ ይታያል። የትም አትሄድም።»

ተመስገን።

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳለምኩ። ከዚያ ቢሮ ገብቼ ሪፖርቱን ጻፍኩ፦ መስመሩን የቆረጠው ጎርፍ ነው፤ ሆስፒታሉን ያን ያህል ያቆየሁት ግን እኔ ነኝ። ፈርሜ ለአለቃዬ ሰጠሁ።