ሦስት ሐኪም ለአንድ ጉልበት

ወንድሜን ከኋላው «ቀጥ በሉ» ይሉታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ እስከ ዛሬ አልሰማም። ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ የሰው ወገብ፣ አንገትና ጉልበት ሲያቃና የኖረ። ሙያው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ችግሩ ከክሊኒክ ሲወጣ ሙያውም አብሮት መውጣቱ ነው። ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ከፊቱ የቆመውን የማያውቀውን ሰው ትከሻ መታ መታ አድርጎ «ቀጥ ይበሉ ጌታዬ፤ ይህ አንገት ነገ ይጣላዎታል» ብሎ ያውቃል። የሠርጌን ፎቶ ባየ ቁጥር ስለ ባለቤቴ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ግራ ትከሻው ወርዷል።»

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። በክሊኒኩ እንግዳ መቀበያ ተቀምጬ ቀጠሮ እሰጣለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፤ የክሊኒኩን ብሎግ የምጭነውም እኔ ነኝ። ክሊኒኩ ሦስት ክፍል ነው። ክፍሎቹ በስስ ጣውላ የተከፈሉ ስለሆኑ ውስጥ የሚባለው ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ድረስ ይመጣል። ጥግ ላይ አንድ የፕላስቲክ አጽም ቆሟል፤ ቀኝ እጁ ወልቆ የት እንደገባ አይታወቅም። ከሁላችንም ቀጥ ብሎ የሚቆመው እሱ ነው። ወንድሜ ከልቡ የሚያከብረው ባልደረባ እሱ ብቻ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩ።

ሌሎቹ ባልደረቦች ሁለት ናቸው። አንዷ ከተማሪነት ጀምሮ አብራው የነበረች ሴት ናት፤ «ማስረጃ» እንላታለን። ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም ብትሏት «በምን ጥናት?» ትላለች። ሌላው ከሁለቱም በዕድሜ የሚያንስ፣ «ቪዲዮ» የምንለው ሰው ነው። ስልኩን መደገፊያ ላይ ሳያቆም የማንንም ጉልበት አያጥፍም። ሦስቱም በሥራቸው የተመሰገኑ ናቸው። እያነከሰ ገብቶ ቀጥ ብሎ የወጣውን ሰው ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ብሎጉን የጀመሩት በፍቅር ነበር። ታካሚ እቤቱ ሆኖ ምን መሥራት እንዳለበት አንብቦ ይወቅ ብለው ተነሱ። ፍቅሩ የዘለቀው እስከ ፎቶው ድረስ ነው። የማን ፎቶ ከላይ ይሁን ሲባል ወንድሜ «በዕድሜ» አለ፣ ማስረጃ «በትምህርት ደረጃ» አለች፣ ቪዲዮ «በተመልካች ብዛት» አለ። ሲጨቃጨቁ ዋሉ። እኔ የአጽሙን ፎቶ ከላይ አደረግሁት፤ ተቃውሞ ያልቀረበበት እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ደንብ ወጣ። ማስረጃ ስለ ወገብ የጻፈችውን ወንድሜ አንብቦ «ይህ የእኔ አይደለም እንዴ?» ስላለ፣ እሷም የእሱ ከየትኛው መጽሐፍ እንደመጣ ከነገጹ ስለነገረችው፣ ለሰላም ሲባል ተስማሙ። አንዱ የጻፈውን ሌላው አይደግምም፤ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ አይነካም፣ ስሙንም አያነሳም። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ጉድና ጅራት ግን ከወደ ኋላ ነው።

እናታችን ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ተደረገላት። የምትኖረው ብቻዋን፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሆስፒታል ስትወጣ ደረጃ ወደሌለው የወንድሜ ቤት ወሰድናት። ቦርሳዋን ከአልጋው አጠገብ አስቀመጠች፤ ልብሷን ግን አላወጣችም።

«ምነው እማዬ፣ ቁም ሣጥን አለ እኮ» አልኳት።

«እንግዳ ቁም ሣጥን አይከፍትም» አለች። «እዚህ ቤት መስኮቱ አጥር ነው የሚያሳየኝ። አጥር ምን ወሬ አለው?»

ከራሷ መስኮት ሆና መንገዱን ሁሉ ታስተዳድር ነበር፤ ማን መኪናውን የት እንዳቆመ፣ የማን ልጅ ስንት ሰዓት እንደገባ። ቀዶ ጥገናውን ያደረጉላት ሐኪም ቁርጡን ነግረዋታል፦ ጉልበቱ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ በደንብ ካልታጠፈ ደረጃውን ትርሳ፣ ቤቷንም ትልቀቅ።

ወንድሜ ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ነበር የሚመስለው። የስንቱን እናት አቁሟል፤ የገዛ እናቱ ግን ሙያውን «ማሸት» ነው የምትለው። ጎረቤት ስለ ልጇ ሲጠይቃት «ደህና ነው፣ ሰው ያሻል» ትላለች። በእጁ ብትድን ምን እንደሚሠራ አንድ ጊዜ ይገባታል ብሎ ተስፋ አደረገ። በመጀመሪያው ቀን ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቀረበ።

«እማዬ፣ እግርሽን ዘርጊና ቀስ እያልሽ እጠፊው። እኔ እቆጥርልሻለሁ።»

«ማን ነው የሚቆጥረው? መቁጠር ያስተማርኩህ እኔ።»

«ሥራዬ እኮ ነው፣ እማዬ።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። እዚህ ጉልበት ላይ ተቀምጠህ ነው ያደግኸው፤ ከአንተ በፊት አውቀዋለሁ። ሂድ፣ ሰው እሽ።»

ፎጣውን ይዞ ወጣ። ፊቱን አላጠቆረም፤ ከፍቶት እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ለእሱ ብዬ እኔም ከፋኝ።

ከቀናት በኋላ ጉልበቷ ማበጥ ጀመረ። መታጠፉም እየተሻሻለ በመሄድ ፈንታ እየባሰበት መጣ። ወንድሜ ከሥራ ሲገባ ከበሩ ላይ ሆኖ ያየዋል፤ እንዳይነካው ተከልክሏል። ቀጠሮው ደግሞ እየቀረበ ነው። እማዬ ቦርሳዋን እያየች ዝም ማለት አበዛች። እኛ ቤት እናት ዝም ስትል ተሰምቶ አይታወቅም፤ እውነቴን ነው፣ ፈራሁ።

አንድ ጠዋት ወንድሜ ከወጣ በኋላ ሳልነግራት ሄድኩ። ስልኳን የስኳር ዕቃው ላይ ደግፋዋለች። መነጽሯን አድርጋ፣ ጉልበቷ ላይ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ አስራ፣ የወንበር መደገፊያ ይዛ ቁጭ ብድግ ትላለች። ላብ በላብ ሆናለች። እሱን ስትጨርስ ወንድሜ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያስቀመጠውን ወፍራም የአጥንት መጽሐፍ መሬት ላይ አኑራ እየወጣች ትወርድበት ጀመር።

«እማዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ቆይ፣ አታቋርጪኝ። ሦስተኛው ላይ ነኝ፤ የቪዲዮውን ልጅ ልጨርስ።»

«ሦስቱንም ባንድ ጠዋት?»

«ታዲያ የቱን ልተው፣ ሚጡዬ? ወንድምሽ “ዋናው ይህ ነው” ይላል። ያቺ ጓደኛውም “ዋናው ይህ ነው” ትላለች። ይሄኛውም እንደዚያው። አንዱን ብተው ያንን ሰው መናቅ ይሆንብኛል።» ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገች። «ደግሞ ለወንድምሽ እንዳትነግሪው። እንደማነበው ካወቀ ይኮራብኛል።»

ስልኩን ወስጄ ሦስቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አነበብኩ። ወንድሜ የጻፈው ከቀዶ ጥገና ማግስት የሚሠራውን ነው፦ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ በረዶ፣ ቀስ ብሎ ማጠፍ። ማስረጃ የእሱን ላለመድገም ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጻፈች፦ ወንበር ይዞ ቁጭ ብድግ። ቪዲዮ የሁለቱንም ላለመድገም ሊድኑ ሲቃረቡ የሚሠራውን አቀረበ፦ ደረጃ መውጣትና መውረድ። አንዱም ሐሰት የለበትም። ነገር ግን «ይህ ከዚያኛው በኋላ ነው» ያለ የለም፤ እንደዚያ ለማለት የባልደረባን ስም ማንሳት ያስፈልጋላ። የሚያናድደው ደግሞ በስሱ ጣውላ በኩል በየቀኑ የምሰማው ነገር ነው። ለታካሚ ሲናገሩ ሦስቱም የሚሉት አንድ ነው፤ መጀመሪያ ይህ፣ እብጠቱ ሲጎድል ያ፣ ደረጃው መጨረሻ። የሚለያዩት ሲጽፉ ብቻ ነው።

በምሳ ሰዓት ሦስቱንም አጽሙ አጠገብ ሰበሰብኳቸው።

«አንዲት አንባቢያችን» አልኩ፣ «የሦስታችሁንም ባንድ ጠዋት እየሠራች ጉልበቷ አብጧል።»

«የእኔን ብቻ ብትሠራ አያብጥም ነበር» አለ ወንድሜ።

«በምን ጥናት?» አለች ማስረጃ።

«እኔ ጋ አበጠብኝ ብሎ ኮሜንት የጻፈ ሰው የለም» አለ ቪዲዮ።

ወንድሜ አልበቃውም። «ለመሆኑ ምን ዓይነት ሴትዮ ናት? በረዶ አስሮ ቁጭ ብድግ የሚል ሰው አለ? ጠያቂ ልጅ የላትም? አጠገቧ አንድ እንኳ የሚያውቅ ሰው ጠፋ?»

«አለ፣ ጋሼ» አልኩት። «ፎጣ ይዞ ቀርቦ ነበር፤ አባረረችው።»

ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁ። እጁን ዘርግቶ የአጽሙን ትከሻ ተደገፈ። ወንድሜ ጎብጦ ሲቆም ያየሁት ያን ቀን ነው።

«እማዬ?»

«እማዬ።»

«ታነበኛለች?» አለ።

«ሁላችሁንም ነው የምታነበው። ችግሩም እሱ ነው።»

ያን ቀን ከሰዓት የተሠራው ሥራ ተራራ የመናድ ያህል ነበር። የሚያስፈልገው በየጽሑፉ ላይ አንዲት መስመር መጨመር ነው፤ «ከዚህ በፊት የባልደረባዬን ጽሑፍ ያንብቡ» የምትል። ቪዲዮ ወዲያው ጻፈ፤ ግን በዓይን በማይታይ ደቃቅ ፊደል ጻፈው። አሳደግሁት። ማስረጃ «የባልደረባዬን ጠቃሚ ጽሑፍ» ልበል ወይስ «ጠቃሚ» ይቅር እያለች ስትጽፍ ስትሰርዝ ቆየች፤ ጠቃሚነቱ አልተጠናማ። በመጨረሻ «ጠቃሚ» እንዲቀመጥ ተወችው። ያለ ጥናት የጻፈችው የመጀመሪያ ቃል እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ወንድሜ ጋ ነገሩ ከበደ። የእሱ ጽሑፍ የመጀመሪያው ስለሆነ እሱ መጻፍ የነበረበት ከዚህ በኋላ ወደ ማን እንደሚኬድ ነው፤ አንባቢውን በገዛ እጁ ለሌላ መሸኘት ማለት ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ስክሪኑን ብዙ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ኪቦርዱን ስቦ በሁለት ጣቱ መታ መታ አደረገ፦ «እዚህ ላይ ያቁሙ። እብጠቱ ሲጎድል የሚሠራውን ባልደረባዬ ከእኔ በተሻለ ጽፋዋለች።»

ማስረጃ ከኋላው ቆማ አነበበች። «“በተሻለ” የሚለው...» ብላ ጀመረች። በምን ጥናት ልትል ነው ብዬ ስጠብቅ፣ መነጽሯን አውልቃ በጋውኗ ጫፍ ወለወለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

ማታ ወንድሜ ከእማዬ አልጋ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ ከነገ ጀምሮ ጉልበትሽን ጓደኛዬ ትያዘው። እሷን ትሰሚያታለሽ።»

«ያቺ ረጋ ብላ ተናጋሪዋ? እሷስ ደስ ትለኛለች» አለች እማዬ። «እሷ እንዳንተ አታሽም፤ እሷ ታክማለች።»

እኔ አፌን ልከፍት ስል በዓይኑ ከለከለኝ። ዋጠው። ሃያ ሰው ፊት ስለ አንዲት ቃል አቀማመጥ የሚሟገተው ወንድሜ፣ ያቺን ዋጣት።

ማስረጃ በየቀኑ ከሥራ በኋላ መጣች። ሁሉም ከመጀመሪያው ተጀመረ፤ እግር ከፍ፣ በረዶ፣ ቀስ ብሎ ማጠፍ።

«እማማ፣ ዛሬ ይህቺ ብቻ ናት።»

«ሌላም አንብቤ ነበር እኮ።»

«ያነበቡትን ለነገ ያቆዩልኝ።»

ወንድሜ ሳሎን ሆኖ በበሩ ስንጥቅ ያዳምጣል። የምትለው ሁሉ እሱ የሚለው ነው። አንዳንዴ ራሱን ይነቀንቃል፤ አንዳንዴ አንድ ነገር ሊጨምር ይነሳና መልሶ ይቀመጣል። እብጠቱ ጎደለ። ቁጭ ብድጉም መጣ። በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ጉልበቷን አጥፈው ዘርግተው ሲያበቁ «ቤትዎ ይግቡ» አሏት። እማዬ እስከዚያ ያልተፈታውን ቦርሳዋን ለእኔ አሸከመችኝ።

ሦስቱም ሊሸኟት መጡ። ደረጃው ሥር አንዲት ጎረቤቷ አገኘችንና አቀፈቻት። «እንኳን ለዚህ በቃሽ። ማን አዳነሽ?» አለች።

«ይቺ ሐኪም ናት፤ ትባረክ» አለች እማዬ ወደ ማስረጃ እያመለከተች።

ማስረጃ ደንግጣ ወደ ወንድሜ ዞረች፤ ልትናገር ነበር። እሱ ግን ቀደማት። «አዎ፣ እሷ ናት» አለ ለጎረቤቲቱ፣ አፉን ሞልቶ።

እማዬ መደገፊያውን ይዛ መውጣት ጀመረች። ወንድሜ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ከኋላዋ ሆነ፤ እጆቹን ዘርግቷል፣ ግን አይነካትም። አንደኛው ፎቅ በሰላም ታለፈ። ከሁለተኛው በላይ ግን መሐል ላይ ቆመች። መደገፊያውን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ላይ ታያለች።

«ደህነኛውን እግር ያስቀድሙ» አለች ማስረጃ ከታች። «ደህነኛውን፣ እማማ» አለ ቪዲዮም። ሁለቱም አንድ ነገር ነበር ያሉት።

«እናንተ ዝም በሉ» አለች እማዬ። ከዚያ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «አንተ፣ አለህ?» አለች።

«አለሁ፣ እማዬ።»

«ያን ሁሉ ቀን በር ሥር ተቀምጠህ ስታዳምጥ አላየሁም መሰለህ? ከኋላዬ እንዳትጠፋ። አንተ ከሌለህ ይህን ደረጃ አልደፍረውም።»

እሷ አንድ ደረጃ ወጣች፤ እሱም አንድ ደረጃ ተከተላት።