እጅ የነሱኝ መምህር

የካሜራዬን የቆዳ ማኅደር በከፈትኩ ቁጥር ሽታው ወደ ቤተ ልሔም መንገድ ይመልሰኛል።

ካሜራው የአባቴ ነበር፤ ሣጥን የመሰለ፣ ሰውን ለማየት በአናቱ ካለው መስታወት ላይ ማቀርቀር የሚጠይቅ አሮጌ ባለ ፊልም። ለአቅመ ሔዋን የደረስኩ ሰሞን ይመስለኛል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ይዤው ከአርብ ገበያ ከተማ በእግሬ ወጣሁ። ድጓ ወደሚመሰከርባት ገዳም፣ ወደ ቤተ ልሔም፣ ስደርስ አንድ ሽማግሌ የድጓ መምህር ፎቶ ለመነሳት ፈቀዱልኝ።

ካሜራውን ደረቴ ላይ አድርጌ አቀረቀርኩ። በመስታወቱ ውስጥ እሳቸውም ጎንበስ ብለዋል።

«የኔታ፣ ቀና ይበሉልኝ» አልኳቸው።

ቀና አሉ። እንደገና ሳቀረቅር እንደገና ጎንበስ አሉ።

«ፊትዎ አይታይም እኮ፣ የኔታ።»

«አንቺ እጅ ስትነሺኝ እኔ ተገትሬ ልይሽ? ያሳደገሽ ይባረክ» አሉኝ።

ያስጎነበሰኝ ካሜራው ነው ልላቸው ነበር፤ ግን ምርቃቱ ላሳደገኝ ለአባቴ ነውና ተውኩት። ፊልሙ ላይ የቀረችኝ አንዲት ፎቶ ብቻ ነበረች፤ እንደጎነበሱ አነሳኋቸው።

ፎቶው ዛሬ ሳሎኔ ተሰቅሏል። ነጭ ጥምጥም እንጂ ፊት አይታይበትም። የመጣ እንግዳ ሁሉ «እኒህ አባት እጅ የሚነሱት ለማን ነው?» ይለኛል።

«ለእኔ» እላለሁ።