በአብዮቱ ፈቃድ

ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ገና ሦስት ወሬ ነበር። ደሴ፣ ሆጤ እኖራለሁ፤ ኮምቦልቻ አስተምራለሁ። ቅጥሬ የሚጸናው የትምህርት ቤቱ ካድሬ «ጥሩ ናት» ብሎ ከጻፈልኝ ብቻ ነው። አንድ ቀን መጣና፣ «ጓድ፣ የአምስተኛ ክፍል ልጆች ለኩባ ልጆች ደብዳቤ ይጻፉ። እነሱም ይመልሳሉ» አለኝ።

ካርታ ሰቀልኩ። ኩባ ደሴት ናት፣ ዙሪያዋ ባሕር ነው፣ ስኳር ታመርታለች አልኳቸው።

«ቲቸር፣ ዙሪያው ውሃ ከሆነ ገበያ በየት ይሄዳሉ?»

«እዚያው ውስጥ ገበያ አላቸው።»

«ስኳሩንስ በቀበሌ ነው የሚወስዱት?»

«ደብተር አውጡ» አልኩ።

እኛ አገር ደብዳቤ ወደ ጉዳዩ ዘሎ አይገባም። መጀመሪያ ሰውየው፣ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ከብቱ ሁሉ ደህንነቱ ይጠየቃል፤ ከዚያ «እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን» ይባላል። ካድሬው ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ናሙና አየና ፊቱን አጨማደደ።

«ለሶሻሊስት አገር እንዲህ አይጻፍም» አለ ልጆቹ ፊት። «አላህም እግዜርም ያለበት ቦታ ሁሉ አብዮቱ ይግባበት።»

ገባ። አብዮቱ ይመስገን ደህና ነን። አብዮቱ ካለ ዘንድሮ ማሽላው ያፈራል። አንዱማ «ኢንሻ አብዮት» ብሎ ጽፎ እሱን አረምኩ። የቀረውን፣ እውነቱን ልናገር፣ አላነበብኩትም። ዓርብ ነበር፣ የደሴው አውቶቡስ እየሞላ ነው፣ የአርባ ልጅ ሰላምታ ደግሞ አያልቅም።

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ካድሬው ደብዳቤዎቹን ራሱ ያነብ ጀመር። ደስ ብሎታል። የአንዲት የገበሬ ልጅ ተራ ደረሰ።

«ላሟም ጥጃዋም ደህና ናቸው። አያቴ ብቻ ባለፈው ወር በአብዮቱ ፈቃድ ሞቱ።»

ካድሬው ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። መምህራኑ ሁሉ መሬት መሬቱን አዩ። እኔ ቅጥሬን ትቼ ስለ እስር ቤት አሰብኩ።

«አያትሽን ማነው የገደላቸው?» አለ ቀስ ብሎ።

ልጅቷ ከሰልፉ ወጣች። «ሳል ነው ጓድ። ሸምግለው ነበር።»

«ታዲያ አብዮቱ ምን አገባው?»

«እርስዎ ነዎት ያሉት። አላህ ያለበት ሁሉ ብለው።»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀና ወዲያው ወደ ሳል ቀየረው። ካድሬው ወረቀቱን አጠፈና ቢሮ ጠራኝ። በሩን ዘጋው። የራሱ ትእዛዝ ነው፣ ማንን ይክሰስ? ደብዳቤውን ብዙ ካየ በኋላ እስክሪብቶ ሰጠኝ።

«እዚህ ላይ አላህን መልሺው።»

«ሌላው ላይስ?»

«ሌላው እንዳለ ይሁን። ሞቱን ብቻ።»

ሰረዝኩና ጻፍኩ። በወሩ ቅጥሬ ጸና፤ ደብዳቤዎቹም ሄዱ። ኩባ ውስጥ ያነበባቸው ሰው ካለ፣ ወሎ ላይ ጤናውን፣ ዝናቡንና ማሽላውን የሚሰጠው አብዮቱ ነው። አላህ የሠራው ነገር ቢኖር የልጅቷን አያት መውሰድ ብቻ ነው።