መብራቱ ያልበራው ትራክተር

በደርግ ጊዜ በምዕራብ ጠረፍ ሽንፋ አቅራቢያ በነበረ አንድ የመንግሥት እርሻ ጋራዥ በኤሌክትሪክ ሠራተኝነት ተቀጠርኩ። በመጀመሪያው ቀን ዋናው መካኒክ ጋሽ ይመር፣ ድንበር ተሻግረው ገዳሪፍ ብዙ ዓመት የሠሩ የወሎ ሰው፣ ትራክተር ላይ አስወጡኝና “ቁልፉን አዙሪው፤ ሞተሩን ግን አታስነሺ” አሉኝ። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ።

“ምን ሆነ?”

“ዘይት የለውም” አልኩ ፈጠን ብዬ።

“ጤነኛ ነው” አሉ።

ወርደን ከሞተሩ ጎን የተሰካች አውራ ጣት የምታህል ማብሪያ አሳዩኝ። ዘይት ካልገፋት መብራቱን ታበራለች። ሞተሩ ተነስቶ ዘይቱ ሲገፋት ታጠፋዋለች። ሥራ ላይ እያለ ከበራ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ነው። “ቁልፍ ስታዞሪ ጭራሽ ካልበራ ግን ወሬ ማፊ፣ የሚነግርሽ የለም” አሉ ገዳሪፍ የለመዱትን ዐረብኛ ቀላቅለው። አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሽቦው ተበጥሷል ማለት ነው።

ዛሬ በኮምፒውተር መኪና የሚመረምሩ ልጆች ይስቁ ይሆናል። የእኛ ትራክተር ከሙቀት መለኪያው ሌላ የነበረው አንደበት ይኸው ነበር።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ ሰሊጥ ሊዘራ ሲል፣ የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ መጡ። አሥራ አንድ ትራክተር አሰለፍንላቸው። ነዳጅ እንዳይባክን ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ብቻ እንዲዞር አዘዙ። በአሥሩ ላይ ቀይ መብራት በራ። የማሩ ትራክተር ላይ ምንም አልበራም። ማሩ ከጎጃም ለአጨዳ መጥቶ በዚያው ትራክተር መንዳት የተማረ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር።

“አሥር ብልሹ፣ አንድ ጤነኛ” ብለው ሰብሳቢው መዘገቡ።

“ጓድ፣ የተበላሸውስ እሱ ነው፤ የመብራቱ ሽቦ ተበጥሶ ይሆናል” አልኩ።

“ጓዲት፣ ቀይ መብራት አደጋ መሆኑን ሕፃንም ያውቃል” አሉኝ በትዕግሥት።

የማሩ ትራክተር “አርአያ” የሚል ሰሌዳ ተሰቀለለት። ማሩም በጭብጨባ የምስክር ወረቀት ተቀበለ። ሽቦውን ልቀጥል ስሄድ የእርሻው ሥራ አስኪያጅ “የተሸለመ ትራክተር አይነካም” አሉኝ። “የአሥሩን መብራት ግን ሰብሳቢው ሳይመለሱ አጥፊልኝ።”

ጋሽ ይመር “እንዲህ ያለውን በእጄ አልነካም” ብለው ሄዱ። እኔ ፒንሳዬን ይዤ የአሥሩንም ሽቦ ነቀልኩ። በማግስቱ አሥሩም መጠገናቸውን የሚገልጽ ሪፖርት ወጣ። ተመሰገንኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የማሩ ትራክተር የዘይት ቱቦ እርሻ መሃል ተሰነጠቀ። ዘይቱ በጥቁሩ አፈር ላይ ሲፈስ ማሩ ከፊቱ ምንም ስላልበራ ማረሱን ቀጠለ። ሞተሩ ጮኸና ተጣበቀ። ማሩ አርአያውን ትራክተር የገደለ አሻጥረኛ ተብሎ ገንዳ ውሃ ከተማ ታሰረ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ሰው ያስረሽን ነበር።

ሁለት ቀን እንደ ወትሮዬ ባትሪ ስሞላ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን መርማሪው መቶ አለቃ ጋራዡ ሲመጡ “አንድ ነገር ላሳይዎት” አልኩና ከአሥሩ በአንዱ ላይ አስወጣኋቸው። ቁልፉን አዞርኩ።

“ምንም የለም” አሉ።

“እኔ ስለነቀልኩት ነው።”

ሽቦውን መልሼ ሰካሁት፤ ቀዩ መብራት በራ። ሞተሩን አስነሳሁ፤ መብራቱ ጠፋ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

“ማሩ ፊት ይህ መብራት አልነበረም?”

“አይሠራም ነበር። ለሰብሳቢው ተናግሬአለሁ።”

“የእነዚህንስ ንቀይ ያለሽ ማነው?”

“ሥራ አስኪያጁ።”

“በጽሑፍ?”

“በቃል።”

ሥራ አስኪያጁ ተጠሩ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው እንዳልወጣ በትሕትና አስረዱ።

ማሩ በሳምንቱ ተፈታ። መዝገቡ ሲዘጋ ሞተሩን ያበላሸው የቆላው ሙቀት ነው ተባለ፤ ያን ሰሞን ዝናቡ አላባራም ነበር። እኔ ያለ ፈቃድ ሽቦ በመንቀሌ ስድስት ወር ጎማ መጋዘን ተመደብኩ።

ማሩ መጋዘኑ ድረስ መጥቶ አመሰገነኝ። ሊሄድ ሲል “እንዲያው ግን እቴ፣ ሁለቱን ቀን ምን ትሠሪ ነበር?” አለኝ። ጎማ መቁጠሬን ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላም በሙያው ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሽቦ ንቀሉ ስትባሉ ትእዛዙን በጽሑፍ ጠይቁ። አብዛኛው ትእዛዝ እዚያው ይቀራል።