የግራና ገበያ ለደገኞች የተዘጋ ሰሞን

በዚያ በድሮው የሰሜን ጦርነት ዘመን፣ ገና ፊደል የምቆጥር ልጅ ሳለሁ፣ የቆላዋ መንደራችን የግራና ሽማግሌዎች ተሰብስበው ለደገኞች ሽንኩርት እንዳይሸጥ ከለከሉ። ወደ ተራራው የሚወጣው ሁሉ ለተዋጊ ስንቅ ይሆናል የሚል ወሬ ነበር። ከሁሉም በላይ «ይዘጋባቸው!» ብሎ የተሟገተው አባቴ ነው።

ያኔ ደገኞቹ በየገበያው ድንችና ባቄላ ይዘው ይወርዱ፣ የእኛን ሽንኩርት ጭነው ይመለሱ ነበር። ወደ መርሳ ከተማ የሚያወጣው መንገድ በጦርነቱ ስለተቋረጠ ሌላ ገዢ አልነበረንም። ብዙም ሳይቆይ ሽንኩርታችን ከነጆንያው ይበሰብስ ጀመር፤ ሽታው ምድጃው ዳር ድረስ ይከተለን ነበር።

አንድ ምሽት ጎረቤታችን አያ ይመር መግሪብ ሰግደው መጡ። ላምባ ጠፍቶ ኩራዛችን ስለማይበራ ፊታቸው የሚታየኝ ፍሙ ቦግ ሲል ብቻ ነበር። ለእኔና ለእህቴ ተረት ነገሩን። አንድ ሹም የጎረቤቱን አገር ጨው አሳጥቼ አንበረክካለሁ ብሎ የአገሩን መተላለፊያ በር በእሾህ አጠረ። የእሱ ሰዎች ግን እህል የሚያገኙት በዚያው ጨው ለውጠው ነበርና ጨው ክምር ላይ ተቀምጠው ተራቡ። በመጨረሻ ሹሙ እሾሁን በገዛ እጁ አነሳ፤ ገበያውም ደራ።

እኛ ስንስቅ አባቴ አልሳቀም።

«አያ ይመር፣ ይኸን የሚያወጉት ለልጆቹ ነው ወይስ ለእኔ?»

«ለሰማው ነው» አሉ።

በማግስቱ አባቴ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ «ያስዘጋሁ እኔ ነኝ፤ እባካችሁ ክፈቱት» ብሎ ለመነ። ተከፈተ። ያልተበላሸውን ሽንኩርት በአህያ ጭኖ፣ እኔን አስከትሎ፣ ደጋ ወዳለው የድሮ ደንበኛው ወደ አያ ደምሴ ወጣ። አያ ደምሴ አቅፈው ሳሙት፤ ትኩስ ድንች አቀረቡልን። ስንጨርስ ወደ ጓሮ ወሰዱን። መደቡ ሙሉ ጣት የሚያህል የሽንኩርት ቡቃያ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል።

«ስትከለክሉን ዘራን፣ ወንድሜ» አሉት ቀስ ብለው። «ቅር እንዳይልህ።»

ተረቱ እዚህ ድረስ አልነገረንም ነበር። አባቴ ጭነቱን እንዳለ ለአያ ደምሴ ቤት ትቶ ወጣ። ቁልቁለቱን ስንወርድ «አንድ ክፉ ቃል እንኳ ቢናገረኝ ምን ነበር» አለ።

ዛሬ ወልድያ ተቀምጬ አንዱ አገር በሌላው ላይ ንግድ ዘጋ ሲባል በሬዲዮ እሰማለሁ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለተዘጋበት ወገን ነው፤ ደግም ያደርጋል። እኔ ግን ከዘጋው ወገን ያለ አንድ ገበሬ ትዝ ይለኛል፤ ማንም ሳይበድለው የተጎዳ፣ ስሞታውንም ለማን እንደሚያቀርብ የማያውቅ።